አንድ ጠብታ ዘይት ውሃ ላይ ምን ታደርጋለች?

ባለፈው ክረምት ታናሽ እህቴ ከዲዴሳ በኩል፣ ከአክስቴ ቤት ስትመለስ ወባ ይዟት መጣች። ከዚያ ወዲህ አኮ (አያቴ ናቸው) ውሃ ያቆረ ነገር ሲያዩ አይወዱም። በከኒሳ ቀሴ ደጃችን ላይ አፈር የወጣበት ጉድጓድ አለ። ዝናብ ሞልቶት እጭ ይርመሰመስበት ነበር። አኮ የተቃጠለ የመኪና ዘይት በጣሳ አምጥተው ትንሽ ጠብ አደረጉበት። «ይህችው ብቻ?» አልኳቸው። «ይበቃል፣ ራሱ ይሄዳል» አሉኝ። እውነትም ሄደ!

የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ፊት ስር ተኝቶ ነው አየር የሚስበው። የውሃ ፊት እንደ ተወጠረ ቆዳ ነው፤ እጩ በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። ዘይት ሲመጣ ውጥረቱ ይላላል፣ መተንፈሻውም ይደፈናል።

ግን እስከ ምን ድረስ ይሳሳል? ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለንደን አጠገብ ባለ ኩሬ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ቢያፈስ ግማሽ ኤከር፣ ማለትም 2,000 ሜትር ካሬ ገደማ ሸፈነ። ይህን በ1774 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳተመ። የሻይ ማንኪያ 5 ሲሲ ነው ብለን ብናካፍል ውፍረቱ 0.0000025 ሚሊ ሜትር ይመጣል (ሁለቴ አካፍያለሁ፣ ዜሮ ጠፍቶብኝ ነበር)። 20 ሺህ ጊዜ ቢደራረብ ገና አንድ ቀጭን ፀጉር ቢያክል ነው። ይህ የአንድ ሞለኪውል ቁመት ማለት ነው። የዘይት ሞለኪውል ረጅም የካርቦን ሰንሰለት አለው። አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሰንሰለቱ ግን ይሸሻል፤ ስለዚህ እንደ ሰልፍ ተማሪ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም የምታዩበት ዘይት ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ያኛው ስስ አይታይም።

ታዲያ ካልታየ በምን ይታወቃል? ሲገፉት ይገፋል! አራት ማዕዘን ትሪ ላይ ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ በርበሬ ነሰነስኩ። የኑግ ዘይት በነካ ስንጥር መሃሉን ስነካው በርበሬው ወደ ዳር ሮጠ። መሃሉ ሲላላ ዳር ያለው ውሃ ስቦት ነው። ከዚያ በማስመሪያ ከአንድ በኩል ስገፋው በርበሬው ተጠጋጋ፤ ማስመሪያውን ሳነሳ ተመልሶ ተበተነ።

ይህን በደንብ የለካችው አግነስ ፖከልስ የምትባል ጀርመናዊት ናት። በዚያ ዘመን ሴት ዩኒቨርሲቲ ስለማይገባ ወላጆቿን እየረዳች ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሠራችው። ቆርቆሮ ገበታ ውሃ ሞልታ፣ በቆርቆሮ ዘንግ ቅባቱን እየጨመቀች፣ ከውሃው ፊት ላይ ቁልፍ (የልብስ) ለማላቀቅ ስንት ኃይል እንደሚፈልግ በሚዛን ለካች። ቅባቱ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ውጥረቱ አይለወጥም። ቦታው ጠቦ ሞለኪውሎቹ ሲነካኩ ግን ወዲያው መቀነስ ይጀምራል። ለእንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ደብዳቤ ጻፈች፤ እሱም በ1891 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ እንዲወጣላት አደረገ። የእሷን ዓይነት ገበታ ያሻሻለው አሜሪካዊው ላንግሙር በ1932 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እሷ አላገኘችም፤ እኔን ይህ አናዶኛል። ዛሬም ከ60 የካርቦን አቶም የተሠሩ ኳስ መሳይ ሞለኪውሎችን ውሃ ላይ ዘርግተው የሚጨምቁት በዚህ ዓይነት ገበታ ነው።

የእኛን ጉድጓድ በኋላ አፈር ሞላነው፤ ዶሮዎቻችን ያንን ዘይት ሊጠጡት ነበራ። ትሪውን ደግሞ እናቴ ሦስት ጊዜ በኦሞ አሳጠበችኝ።