የእናት ድምፅ በካሴት ላይ ስንት ዘመን ይቆያል?

በዚህ አገር ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረ ወገናችን ቤት ገብተው ቁም ሣጥኑን ቢያስከፍቱ፣ ከካፖርቱ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አያጡም። ውስጡ ያለው ግን ጫማ አይደለም። የሠርግ ቪዲዮ፣ የክርስትና ቪዲዮ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሰው እጅ የመጣ የድምፅ ደብዳቤ፣ ጥቂት የዘፈን ካሴት፣ ምናልባትም መሥራቱን ያቆመ የቪዲዮ ካሜራ ነው። ባለቤቱን ቢጠይቁት «አንድ ቀን አስገለብጠዋለሁ» ይልዎታል። ያቺ አንድ ቀን ግን ከስልክ ካርድ ዘመን ጀምሮ ስትጠበቅ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣችም።

ይህ ጸሐፊ በሙያው ጋዜጠኛ ነው። በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የቤቱን ምድር ቤት በቴፕ፣ በቪዲዮ ዴክና በገመድ ሞልቶ፣ ባለቤቱን እያማረረ፣ የራሱንና የወዳጆቹን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጥ ዓመታት አልፈውታል። ገንዘብ አይቀበልም፤ ቡና ግን እምቢ አይልም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትንና የሰማሁትን ለማካፈል፣ ካርቶኑን ለማስከፈትም ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካሴት ዘላለማዊ ዕቃ ሆኖ አልተሠራም። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በ1963 ለሕዝብ ያሳየው ይህ ዕቃ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የዝገት ዘመድ የሆነ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት ክር ነው። ክሩ በሰከንድ አምስት ሳንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ሄዱን እያከከ ያልፋል። የእናትዎ ድምፅ ያለው በዚያ ዱቄት ላይ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሙጫውን ያደክሙታል። በተለይ ብዙ ይይዛል ተብሎ ይወደድ የነበረው የ120 ደቂቃ ካሴት ክሩ ከሌሎቹ ይልቅ ስስ በመሆኑ ይለጠጣል፤ ቴፑም ይበላዋል። የ60 ደቂቃው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ካርቶንዎ ውስጥ የ120 ካሴት ካለ ከሱ ይጀምሩ።

ማጫወቻውም ቢሆን እያለቀ ነው። የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ በሐምሌ ወር 2016 ማምረቱን አቁሟል። ካሴት ማጫወቻ ዛሬም አዲስ ይሠራል፤ ነገር ግን የርካሾቹ ሞተር ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ፣ ጠጅ ቀምሰው የማያውቁት አባትዎ የሰከሩ መስለው ይሰማሉ። እኔን ቢጠይቁኝ፣ በቀጥታ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ትንሽ ማጫወቻ ትቼ፣ በያርድ ሴልና በአሮጌ ዕቃ መደብር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራ፣ ለመሸከም የሚከብድ ዴክ እፈልጋለሁ። ላስቲኩ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲክ ግን ይቀየራል።

ካሴቱን ከማጫወትዎ በፊት በመስኮት ብርሃን አገላብጠው ይዩት። በክሩ ጥቅል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ ሻጋታ ነውና ወደ ማጫወቻው አያስገቡት። አንድ የሻገተ ካሴት ማሽኑን በክሎ ከሱ ቀጥሎ ለሚገባው ጤነኛ ይተርፋል። የዋሽንግተን አካባቢን የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ የምናውቅ ሰዎች፣ ምድር ቤት የከረመን ካሴት ሁሉ መጠርጠር አለብን። ቀጥሎ ከክሩ በስተጀርባ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ይመልከቱ። ክሩን ከሄዱ ጋር የምታጣብቀው እሷ ናት። ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ካሴቱ በትንንሽ ብሎን የታሰረ ከሆነ ፈትቶ ሁለቱን ጥቅል ወደ ሌላ ጤነኛ ቀፎ ማዛወር ነው። የላላ ክር በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠንን ለእኛ ትውልድ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል።

ሄዱንና ክሩን የሚስበውን ዘንግ ከፋርማሲ በሚገዛ 91 ፐርሰንት አልኮልና በጆሮ ጥጥ ያጽዱ። አንድ ወዳጄ «አረቄስ አይሆንም?» ብሎኝ ነበር። አረቄ ውሃም ሌላም ነገር አለበት፤ ለእንግዳ ይቀመጥ።

ከሄዱ ጎን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ብሎን አለች። አገር ቤት የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ጥቂት ዘመም ያለ ከነበረ፣ ያ ካሴት በሌላ ማሽን ላይ ሲጫወት ተናጋሪው ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስላል። ብሎኗን በጣም በዝግታ፣ ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞላ ወዲያና ወዲህ ሲያደርጓት፣ «ሰ»ና «ሸ» ጥርት ብለው የሚለዩበት ቦታ ይገኛል። እዚያ ላይ ይቁሙ። ለሚቀጥለው ካሴት እንደገና መፈለግ ይኖርብዎታል።

አንድ ቀን አንዲት እኅታችን በካልሲ የጠቀለለችው ካሴት ይዛ መጣች። ካሴቱ የደረሳት በ1985 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያ ካሴት ላይ እናት፣ አክስት፣ ታናናሽ ወንድሞች፣ ጎረቤት ሳይቀር በየተራ ሰላም ይሏታል። አባት የሉም። «ገጠር ወርደዋል» ተባለ። የድምፅ ደብዳቤ ይቀበል የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ማን እንደተናገረ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልተናገረም ይቆጠራል። ልቧ ጠረጠረ። ከሁለት ወር በኋላ ዘመድ ወዳጅ ማልዶ በሯን ሲያንኳኳ ገና ሳይነግሯት ገባት። ከዚያ ወዲህ ካሴቱን አልሰማችውም፤ አልጣለችውምም። አሁን እናትም ስላረፉ የእናቷን ድምፅ ለልጆቿ ማሰማት ፈለገች።

ካሴቱን ስቀበል ያየሁት ነገር ነበር። ከላይ ያሉት ሁለቱ ጥርሶች የሉም፤ ቀዳዳው በታጠፈ ወረቀት ተጠቅጥቋል። ገበያ ላይ የሚሸጥ የዘፈን ካሴት ላይ ሌላ ነገር መቅዳት ሲፈለግ እንዲህ ይደረግ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ደብዳቤው አለቀ፤ የእናት የመጨረሻ ምርቃት ተቋረጠና ዘፈኑ ከመሐሉ ጀምሮ ብቅ አለ። መዝጊያውን ልጫን እጄን ስሰድ ያዘችኝ። «ይህ የአባዬ ካሴት ነው» አለች። አባቷ ካሴታቸውን ሰው አያስነኩም ነበርና «በሕይወት ቢኖር ኖሮ ማን ይነካዋል?» አለች። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሰማነው።

ስለዚህ ወዳጆቼን የማስቸግረው አንድ ነገር አለ፤ ካሴቱን ሁለቱንም ገጽ፣ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ባዶ የሚመስለውንም ጭምር ይገልብጡ። መቁረጥ በኋላ ይደርሳል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ከዴኩ ጀርባ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚወስድ ገመድና ድምፅ መቀበያ ሣጥን፣ ከዚያም እንደ ኦዳሲቲ ያለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይበቃል። ድምፁ ሲገባ ጠቋሚው ቀዩን እንዳይነካ ዝቅ ያድርጉት። የሳሳ ድምፅ በኋላ ከፍ ይደረጋል፤ ጣሪያ ነክቶ የተሰነጠቀን ግን ማንም አይጠግነውም። ዋናውን ቅጂ ዋቭ በሚባለው፣ ሳይጨመቅ በሚቀመጠው ዓይነት ያኑሩ። የአንድ ሰዓት ካሴት በሲዲ ጥራት 600 ሜጋባይት ያህል ቢወስድ ነው፤ ለዛሬ ዲስክ ምንም አይደለም። ለእኅትና ለወንድም በስልክ የሚላከው ኤምፒ3 ከዚያ ይወጣል።

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ሁሉም «ሽውታውን አጥፋልኝ» ይላል። ፕሮግራሙ ያጠፋል፤ ነገር ግን ሲበዛበት ሰውየው ከውሃ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። ደግሞስ ከኋላ የሚሰማው ምንድን ነው? ዶሮ ይጮኻል፣ ቡና ይወቀጣል፣ «ቆራሌው» በሰፈር ያልፋል፣ አንዱ ሕፃን ቴፑን ልንካ ብሎ ይገሠጻል። ከደብዳቤው ውስጥ «እኛ ደኅና ነን፣ ስለ እኛ አታስብ» የሚለውን ሁሉም ቤተሰብ ብሎታል። ሙቀጫው ግን የዚያ ቤት ብቻ ነው። እኔ አላጠፋውም። የሚፈልግ ከዋናው ሌላ ቅጂ አውጥቶ እንደፈለገ ያጥራው።

የገበያ ካሴት ዕድል አለው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው የቀዱት «ሸሞንሟናዬ» ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ የገባው ባሕር ዳር ላይ ነው። ሥራው በ2013 እንደገና ሲታተም፣ ታክሲ ሲነዱ የነበሩት ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመለሱ። አንድ ቦታ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ስለተሸጠ ተገኘ። የእናትዎ ደብዳቤ ግን ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ሌላ ቅጂ የለውም። ያለው እርስዎ ካርቶን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከገለበጡ በኋላ አንዱን ቤትዎ፣ አንዱን በተለየ ዲስክ፣ አንዱን ሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ይስጡ። ካሴቱንም አይጣሉት።

ስለ ቪዲዮ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ የተቀረጸ ሠርግ ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። አሜሪካ የኖረችበት ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ሥዕል ነው። የአሜሪካው ዴክ የፓሉን ካሴት ይጎርሰዋል፤ ሥዕሉ ግን ይንከባለላል ወይም ጭረት ብቻ ይሆናል። በዚህ ምክንያት «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ስንት ሠርግ እንዳለ እግዜር ይወቀው። ካሴቱ አልተበላሸም፤ የሚያነበው አላገኘም። ሁለቱንም የሚያነብ መልቲ ሲስተም የሚባል ዴክ አለ፤ ግን እየተወደደ ነው። ቀላሉ መንገድ ጀርመን ወይም ስዊድን ያለ የአጎት ልጅ ነው፤ እዚያ ተራው ዴክ ፓል ነውና። ሲገለበጥም በፓልነቱ ይቆይ፤ ኮምፒዩተር 25ትም 30ም አይመርጥም። ትንንሾቹ የሚኒ ዲቪ ካሴቶች ያሏችሁ ደግሞ፣ ካሜራውንና ፋየርዋየር የሚባለውን መሰኪያ የያዘውን አሮጌ ኮምፒዩተር ከመጣላችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ያ መሰኪያ የላቸውም።

ከሁሉ የሚከብደው የመሣሪያው ጉዳይ አይደለም፤ ስሙ ነው። ካሴቱ ላይ «ግንቦት 79» ተጽፏል። እዚህ የተወለደው ልጅ 1979 ብሎ ይመዘግባል፤ ደብዳቤው ግን የ1987 ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፈው ያስቀምጡ። ዛሬ የፋይሉን ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል፤ ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ የተጻፈ አይጠፋም። ከዚያ በፊት በየፎንቱ የተጻፈውማ፣ ፎንቱ ከሌለ፣ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝርክርክ ነው። የድሮ የማኅበር ቃለ ጉባኤ በፍሎፒ ያላችሁ ትረዱኛላችሁ።

ደግሞ የሚናገረው ማን ነው? ካሴቱ ላይ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። እናት ለልጇ ስሟን አትናገርም። ድምፁን የሚለዩት ደግሞ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባቶችና እናቶች ናቸው። እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው፤ ቡና ተፈልቶ ካሴቱ ይከፈታል፣ የእጅ ስልኬን በሳህን ላይ አቁሜ የሚሰሙትን ሰዎች እቀርጻለሁ። «ይቺማ እትዬ ናት፣ ጉንፋን ይዟት ነው» ይላሉ። «ይኼ ባለ ሱቁ ነው፣ ቴፑ የሱ ነበር፣ ለአንድ ሰዓት አከራይቶን» ይላሉ። ይከራከራሉም። ክርክሩን ከደብዳቤው ጎን አስቀምጠዋለሁ።

እስከ ዛሬ ያልተፈታ አንድ አለኝ። አንድ ሰውዬ፣ ወፈር ባለ ድምፅ፣ ልጁን ስለ ብርድ ይመክራል፤ ሁለት ሹራብ ደርብ ይላል፤ ቀጥሎ ጎጃም በረንዳ ስላለው ቤት ኪራይ ይነግረዋል። ካሴቱ በስህተት ከሌላ ሰው ካርቶን ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ይመስለኛል። አምስት ሰው አሰምቼ የለየው የለም። «ስሙ ያልታወቀ አባት፣ ጎጃም በረንዳ» ብዬ አኑሬዋለሁ። የአባቱ ምክር ይሆን ብሎ የሚጠረጥር ካለ፣ መጥቶ ይስማው።