መዳብ ሲበዛ ተሸካሚው ለምን ያንሳል?

ሰውነታችሁ ውስጥ መዳብ አለ። አዎ፣ ያው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት መዳብ! ጥቂቱ የግድ ያስፈልጋል፤ ሲጠራቀም ግን መርዝ ነው።

ጉበት ሴሩሎፕላስሚን የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። እያንዳንዱ ሞለኪውል 6 የመዳብ አቶሞች ይዞ ወደ ደም ይወጣል። በ1912 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ሳሙኤል ዊልሰን በገለጸው በሽታ፣ መዳብ በጉበትና በአንጎል ይከማቻል። ታዲያ ደም ሲመረመር ሴሩሎፕላስሚን ከፍ ማለት አልነበረበትም? አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን ሲወረስ፣ ጉበት ውስጥ ያለው የመዳብ ፓምፕ ሥራውን ያቆማል። ይህ ፓምፕ መዳቡን ፕሮቲኑ ላይ ይጭናል፤ ትርፉንም ወደ ሐሞት ያስወግዳል። ሳይጫንበት ባዶውን የወጣ ፕሮቲን ደም ውስጥ ቶሎ ይፈራርሳል። መጋዘኑ በዕቃ ተጨናንቆ፣ ጫኝ ስለጠፋ መንገዱ ላይ መኪና እንደማይታየው ማለት ነው።

የጤነኛ አዋቂ መጠን በዴሲሊትር ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከ10 በታች ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ግን ልብ በሉ! እርግዝናና ኢንፌክሽን ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ከባድ የምግብ እጥረት ደግሞ ያወርደዋል። ስለዚህ በሽታው እያለ ውጤቱ «ኖርማል» ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች የ24 ሰዓት ሽንት ሰብስበው መዳቡን የሚለኩት፣ ዓይን ውስጥም ቡናማ ቀለበት የሚፈልጉት።

በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። አንድ ልጅ ከተገኘበት ወንድምና እህቶቹም ይመርመሩ፤ የእያንዳንዳቸው ዕድል ከ4 አንድ ነው።