ስልክ እንደ ዓይን መመርመሪያ፦ ከኪታሌ ትምህርት ቤቶች የተገኘ ልምድ

መግቢያ

በስማርት ስልክ ውስጥ ያሉት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ለታወቀ ተግባር የተሠሩ ናቸው። ካሜራው ፎቶግራፍ ለማንሣት፣ ፍላሹ ጨለማን ለማብራት፣ የእንቅስቃሴ ዳሳሹም ስልኩ ሲጋደም ምስሉን ለማዞር ታስበው የተቀመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ የመተግበሪያ ሠሪዎች እነዚህኑ ክፍሎች ላልታሰቡበት አገልግሎት ያውሏቸዋል። ለምሳሌ ጣት ካሜራውንና ፍላሹን በአንድነት ሲሸፍን፣ ልብ በመታ ቁጥር በጣት ውስጥ ያለው የደም መጠን ስለሚለዋወጥ ወደ ካሜራው የሚመለሰው ብርሃንም ከፍና ዝቅ ይላል፤ መተግበሪያው ይህን ለውጥ ቆጥሮ የልብ ምትን ያሳውቃል። እዚህ ላይ የተጨመረ አዲስ ዕቃ የለም፤ የተጨመረው ያለውን ዕቃ በሌላ መንገድ የሚያነብ ስሌት ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከእንዲህ ያሉት መተግበሪያዎች አንዱን፣ በኬንያ የተፈተነውን ፒክ አኩዊቲን ይመለከታል። በመጀመሪያ አሠራሩን ያብራራል፤ ቀጥሎም የልኬቱ ትክክለኛነት ብቻውን ለምን እንደማይበቃና የቋንቋ ጉዳይ ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ያመለክታል።

ፊደል፣ ርቀትና ስክሪን

የማየት አቅም በተለምዶ የሚለካው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የፊደል ሰሌዳ ነው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ግን ይህ ሰሌዳ አይሆንም። ስለዚህ ሐኪሞች ባለ ሦስት እግሩን የላቲን ፊደል ኢ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞሩ ያሳያሉ፤ እግሮቹ ወደ ላይ በቆሙ ጊዜ ለአማርኛ አንባቢ ንጉሡን ሠ ይመስላል። ተመርማሪው የፊደሉን ስም መጥራት አይጠበቅበትም፤ እግሮቹ ወደ ዞሩበት አቅጣጫ እጁን መዘርጋት ይበቃዋል።

የዓይን ሐኪሙ አንድሩ ባስታውሮስና ባልደረቦቹ ይህን ዘዴ ወደ ስልክ ስክሪን አመጡት። መርማሪው ስልኩን ይዞ ከተመርማሪው 2 ሜትር ርቆ ይቆማል። ጤናማ ዓይን ሊለየው የሚገባው ትንሹ ፊደል በዓይን ላይ የአንድ ዲግሪ አሥራ ሁለተኛ የሆነ ማዕዘን ይሠራል። ይህም በ2 ሜትር ርቀት ወደ 2.9 ሚሊሜትር ቁመት ነው፤ የፊደሉ እያንዳንዱ እግር ውፍረት ደግሞ የዚሁ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 0.6 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በአንድ ኢንች 300 ነጥቦች ባሉት ስክሪን ላይ ይህ ውፍረት በ7 ያህል የብርሃን ነጥቦች ይሣላል፤ ስለዚህ ቅርጹ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው ብልሃት ያለው በንክኪው ላይ ነው። ተመርማሪው ወደ ግራ ሲያመለክት መርማሪው ጣቱን በስክሪኑ ላይ ወደ ግራ ያንሸራትታል። ትክክለኛውን መልስ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚያርመው ስልኩ ነውና። በዚህም ምክንያት መርማሪው ሳያስበው ልጁን ወደ መልሱ አይመራውም፤ የሕክምና ትምህርት የሌለው መምህርም ምርመራውን ማካሄድ ይችላል።

ከልኬት ወደ ሕክምና

ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ብዙ ጊዜ ሕመሙን አይናገርም፤ ሌላውም ሰው እንደ እርሱ አደብዝዞ የሚያይ ይመስለዋልና። መምህሩ ሰነፍ ሊለው፣ ወላጁም ሊቈጣው ይችላል፤ መነጽር ቢያገኝ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይቃለል ነበር።

በምዕራብ ኬንያ፣ በኪታሌ አካባቢ በ50 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ20,000 በላይ ተማሪዎችን አካቷል። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች መምህራን በተለመደው ካርድ መርምረው፣ ችግር ያለበትን ልጅ በወረቀት ወደ ሆስፒታል ላኩ። በቀሩት ደግሞ በስልኩ መረመሩ፤ በተጨማሪም ልጁ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ የሚያስመስል ምስል እንዲታይ ተደረገ፣ ለወላጆችም አስታዋሽ የጽሑፍ መልእክት ተላከ። ችግር አለባቸው ከተባሉት ልጆች መካከል ወደ ሆስፒታል የሄዱት በወረቀቱ 22 ከመቶ፣ በስልኩ 54 ከመቶ ሆኑ።

ሁለቱ ወገኖች በመመርመሪያውም በመልእክቱም ስለተለያዩ የእያንዳንዱን ድርሻ ነጥሎ ማስቀመጥ ያስቸግራል። ሆኖም ልኬት ልጅን ከሆስፒታል ደጅ አያደርስም፤ የሚያደርሰው ወላጁ ነው፤ ወላጁም የሚነሣው ነገሩ ሲገባው ነው። ምስሉና መልእክቱ የታለሙት ለዚህ ነበር።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ምርመራው ራሱ ያለ ፊደል ዕውቀት ይከናወናል፤ ውጤቱ ግን ያለ ቋንቋ ወደ ቤት አይደርስም። ለቋንቋ ባለሙያ ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህን የመሰለ መልእክት በአማርኛ ቢዘጋጅ «የዕይታ ጥራት ጉድለት ተስተውሏል» ከማለት ይልቅ «ልጅዎ ከተቀመጠበት ሆኖ ሰሌዳውን ማንበብ አይችልም» ቢል ለእናትም ለአባትም ይቀርባል። አፋቸውን በሌላ ቋንቋ ለፈቱ ወላጆችም በየቋንቋቸው እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ስልኩ መጀመሪያ የተሠራበት ክፍል አለ፤ ይኸውም ድምፅን የሚያደርሰው ነው። በኪታሌ በስልክ ከተመረመሩትም እንኳ ከመቶ 46ቱ ሳይሄዱ መቅረታቸው ይህ ሥራ ገና ብዙ እንደሚቀረው ያሳያል።