በበአታ ለማርያም ያለው የነገሥታት መቃብር

በሀገራችን ክርስቲያን የሆነ ሰው ሲሞት በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ይቀበራል፤ ዘመድም በዘመዱ አጠገብ ማረፍን ይወዳል። የድኻ መቃብር የአፈር ክምር ነው፤ ባለጠጋ ድንጋይ ያስጠርባል፤ ለንጉሥ ግን ቤት ይሠራለታል። ከመካኒሳ አቦ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ሰው፥ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ የበአታ ለማርያምን ገዳም ያገኛል። በመካከሉ ትልቅ ጉልላት፥ በአራቱ ማዕዘን አራት ትናንሽ ጉልላቶች አሉት፤ በትልቁም ጉልላት ራስ ላይ ዘውድ ተቀምጦበታል። በውስጡ ቅዳሴ ይቀደሳል። በወለሉ ላይ ያለው መዝጊያ ሲነሣ ግን ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ይታያል፤ በዚያም የነገሥታቱ መቃብር አለ።

ይህ ቤት ለምን ተሠራ? ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። መኳንንቱ ግን በመንግሥቱ ሁከት እንዳይነሣ ፈርተው ሞታቸውን ሸሸጉ። አዋጅ አልተነገረም፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ አላለቀሰም። ድኻ እንኳ ሲሞት ጎረቤቱ መጥቶ ያለቅስለታል፤ በዐድዋ ድል ያደረጉት ንጉሥ ግን በቤተ መንግሥቱ ግቢ፥ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት፥ በስውር ተቀበሩ። ሞታቸውን የሚያውቁትም እንደማያውቁ ሆነው ዝም አሉ።

በ1909 ዓ.ም. ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ። እርሳቸውም አባታቸው እንደ ክብራቸው እንዲያርፉ ይህን ቤት አሠርተው ዐፅማቸውን ወደዚህ አፈለሱ። ንግሥቲቱም ራሳቸው መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲያርፉ በአባታቸው ጎን ተቀበሩ። በሌላው ጎን እቴጌ ጣይቱ አሉ። እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥት ርቀው በእንጦጦ ሲኖሩ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በሕይወታቸው ፍጻሜ ከባላቸው ቤት ተለይተው የነበሩት እቴጌ አሁን በአጠገባቸው ናቸው። ዘውዲቱ ከእቴጌ ጣይቱ የተወለዱ አይደሉም፤ ስለዚህ እናትና ልጅ ያልሆኑት ሁለቱ ሴቶች አንዱን ንጉሥ በመካከል አድርገው ይገኛሉ።

በዚያው ከወገን ያልሆኑ ሰውም ተቀብረዋል። እኒህም ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ናቸው፤ ለምኒልክም ለዘውዲቱም ዘውድ የጫኑ እርሳቸው ስለ ነበሩ፥ እንደ ቤተ ሰብ ቢቈጠሩ የሚያስገርም አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይም በዚያ አሉ። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነት ሥራ ተምረው ነበር፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይባላል። የልዕልቲቱ አያት ራስ መኰንን የምኒልክ አክስት ልጅ ነበሩና፥ ይህ ቤት ለእርሳቸውም የወገን ቤት ነው።

በኋላ ዘመን ደግሞ ሌላ ንጉሥ በስውር ተቀበሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በደርግ እጅ ሳሉ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ፤ የተቀበሩበትም ስፍራ ለልጆቻቸው አልተነገረም። ከ16 ዓመት በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም.፥ ዐፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ውስጥ ወጣ። መቃብራቸው ገና አልተወሰነም ነበርና ማን ይቀበላቸው? ሞቱ ተሸሽጎበት የነበረው የምኒልክ ቤት ተቀበላቸው። በዚያም ስምንት ዓመት ቈዩ።

ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ካህናት እየዘመሩ፥ ሕዝብም እየተከተለ፥ አስከሬናቸው ከበአታ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተወሰደ። ዘውድ ከጫኑ 70 ዓመት ከሦስት ቀን ሆኖ ነበር። ባለቤታቸው እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በዚያ ካቴድራል ከ38 ዓመት በላይ ቀድመዋቸው ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ የድንጋይ መቃብሮች ጎን ለጎን ይታያሉ።