የሌንሱን ትኩረት ማን ይወስን?

ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉ፣ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ባለ ስቱዲዮም ይሁን ትናንት ካሜራ የገዛ ወጣት፣ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም በፊቱ ከተዘረጋው ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚፈልገው የትኛው እንደ ሆነ መምረጥ፣ የመረጠውም ነገር ከካሜራው በምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ማወቅ ነው። ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈበት ዘመን አንሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ ሁለቱንም ሲመልስ የኖረው የሰው ዓይንና የሰው እጅ ሲሆን፣ ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ግን ሁለተኛው፣ ማለትም የርቀቱ ስፍር፣ ለሴንሰርና ለሞተር ተላልፎ ተሰጥቷል። ብዙዎች ስለ ማንዋል ሌንስና ስለ አውቶፎከስ ሲከራከሩ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አንድ አድርገው ስለሚይዟቸው ክርክራቸው መቋጫ አያገኝም፤ እኔ ግን ስፍሩ ለመኪና ቢሰጥ የማይከፋኝን ያህል፣ ምርጫው ሳናውቀው አብሮ መሄዱ ያሳስበኛል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሌንስ ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል። ከአንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ ከአንድ ሰው የዓይን ብሌን፣ የሚመጣው ብርሃን በሌንሱ ገጽ ሁሉ ላይ ተበትኖ ያርፋል፤ ሌንሱም ያንን የተበተነ ጨረር ሰብስቦ ከኋላው ባለ አንድ ስፍራ ዳግመኛ ነጥብ ያደርገዋል። ነጥቡ በፊልሙ ወይም በሴንሰሩ ገጽ ላይ በትክክል ካረፈ ምስሉ ይጠራል፤ ከገጹ ቀድሞ ወይም ገጹን አልፎ ከተሰበሰበ ግን ነጥብነቱ ቀርቶ ክብ ስለሚሆን ምስሉ ይደበዝዛል። የሚነሣው ነገር በቀረበ መጠን መሰብሰቢያው ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ ሌንሱ በዚያው ልክ ወደ ፊት መውጣት አለበት። ይህ ጉዞ ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። በተለመደው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአድማስ ላይ ካለ ተራራ ተነሥቶ 10 ሜትር ርቆ እስከ ቆመ ሰው ድረስ ትኩረቱን ለማምጣት ሌንሱ የሚወጣው ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ እስከ 1 ሜትር ለመቅረብም ቢሆን ጠቅላላው ጉዞ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የቀድሞዎቹ ሌንስ ሠሪዎች ይህን ረቂቅ መንገድ ለሰው ጣት የሚመች ለማድረግ ሌንሱን በጠመዝማዛ ጥርስ ላይ አስቀምጠው፣ ቀለበቱ ግማሽ ዙር ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ እንዲዞር አደረጉት፤ በጥርሶቹም መካከል ወፍራም ግራሶ ቀቡ። ጥሩ አሮጌ ሌንስ በእጅ ሲዞር የሚሰማው ያ የለዘበ ክብደት የተገኘው ከዚህ ነው። ዛሬ ለሞተር የተሠሩ ሌንሶች ግን ሞተሩ ፈጥኖ እንዲደርስ በአጭር መንገድ የተበጁ በመሆናቸው፣ በብዙዎቹም ላይ ቀለበቱ ለሞተሩ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ከማስተላለፍ በቀር ከሌንሱ ጋር በብረት ስለማይገናኝ፣ በእጅ ሲያዞሯቸው የሚመልሱት ስሜት እምብዛም ነው።

የትኩረቱ ስፍራ ጠባብ መሆኑም ሌላው ምስጢር ነው። በዚያው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ በኤፍ 1.4 ተከፍቶ 1 ሜትር የራቀ ሰው ቢነሣ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሌንሱ 85 ሚሊ ሜትር ቢሆን ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በዚህ ልክ የአፍንጫ ጫፍ ከጠራ ዓይን ይደበዝዛል፤ ራሱን ጥቂት ዘወር ባደረገ ሰው ፊት ላይም ከሁለቱ ዓይኖች አንዱን መምረጥ ግዴታ ይሆናል።

ርቀቱን ለመለካት የሰው ልጅ ያገኘው ዘዴ አንድን ነገር ከሁለት ቦታ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው ሁለተኛው ላይካ ከሌንሱ ጋር የተያያዘ የርቀት መለኪያ ነበረው፤ በሁለት መስኮቶች የገባው ምስል ቀለበቱ ሲዞር ይቀራረብና አንድ ሲሆን ትኩረቱ መያዙ ይታወቃል። ኋላ በመጡት ባለ መስተዋት ካሜራዎች መመልከቻ መካከልም ምስሉን ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ክብ ነበረ፤ በርቀት የቆመ የመብራት ምሰሶ በወገቡ ተሰብሮ ይታይና፣ ቀለበቱ ቀስ ብሎ ሲዞር የተሰበረው ይገጥማል። ይህን እዚህ የማነሣው ለትዝታ አይደለም፤ ዛሬ በካሜራ ውስጥ ትኩረትን ከሚይዙት ስልቶች ዋነኛው በሌንሱ ግራና ቀኝ ጠርዝ የገባውን ብርሃን ለይቶ ሁለቱ ምስሎች ምን ያህል እንደ ተራራቁ የሚለካ በመሆኑ፣ መኪናው የወረሰው ያንኑ የሰው ዓይን ሲሠራው የነበረ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው። ሁለተኛው ስልት ደግሞ የምስሉን የብርሃንና የጥላ ልዩነት እየለካ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነዳል፤ የሬዲዮ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው ድምፁ የጠራበትን ስፍራ ካለፈ በኋላ ጥቂት እንደሚመለስ ሁሉ፣ ይህም ትክክለኛውን ቦታ የሚያውቀው አልፎት ከሄደ በኋላ ነው።

የአውቶፎከስ ታሪክ ረጅም አይደለም። አሜሪካዊው ሃኒዌል ኩባንያ የሠራው መለኪያ የገባበት ኮኒካ ሲ 35 ኤኤፍ እ.ኤ.አ. በ1977 ወጥቶ በብዛት ከተመረቱት በራሳቸው የሚያተኩሩ ካሜራዎች የመጀመሪያው ሆነ። በ1985 የጃፓኑ ሚኖልታ ሞተሩን በካሜራው አካል ውስጥ አድርጎ ሚኖልታ 7000ን ሲያወጣ ገበያው ሁሉ ተናወጠ፤ ሃኒዌል ግን ፈጠራዬን ወስደዋል ብሎ ስለ ከሰሰው፣ ሚኖልታ በ1992 በፍርድ ከተረታ በኋላ 127.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ። ካኖን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1987 ኢኦኤስ የተባለውን አዲስ ሥርዓት ሲጀምር ሌንሱ የሚገጠምበትን አፍ ፈጽሞ ስለ ለወጠው፣ ለብዙ ዓመታት የካኖን ሌንስ ሲገዙ የኖሩ ባለሙያዎች ንብረታቸው ከአዲሱ ካሜራ ጋር የማይገጥም ሆኖባቸው ክፉኛ አዘኑ። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ የያዘውን አፍ ሳይለውጥ ቆየ።

አሁን መኪናው ስለሚደክምበት ስፍራ ልናገር። በሌሊት ማኅሌት ላይ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው፣ ብልጭታ ማብራት ነውር በሆነበት በዚያ ቅዱስ ስፍራ፣ ያለው ብርሃን የጧፍና የጥቂት አምፖሎች ብቻ ነው። መዘምራኑ የለበሱት ነጭ ነጠላና ጋቢ ሰፊ ገጹ መስመርም ጥላም ስለሌለው ሴንሰሩ የሚይዘው ምልክት ያጣል፤ ከጥናው የሚወጣው የእጣን ጢስ በመካከል ሲያልፍም ብርሃኑን ስለሚበትነው፣ ሌንሱ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ እያለ ሲዋልል ጸናጽሉ ከፍ ያለበት ቅጽበት ያመልጣል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች በጨለማ የሚያዩት ከቀድሞዎቹ እጅግ የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ፍጹም ሆነው ቢያዩም እንኳ ሌላው ጉዳይ አይቀርም፤ ካሜራው ፊት ሲያገኝ ፊት ላይ፣ ዓይን ሲያገኝ ዓይን ላይ እንዲያርፍ ተዘጋጅቷልና፣ ፎቶግራፍ አንሺው ግን የፈለገው በመቋሚያው ላይ ያረፈውን የአንድ ሽማግሌ መርጌታ እጅ ሊሆን ይችላል። ካሜራው በዚያ አልተሳሳተም፤ አብዛኛው ሰው የሚፈልገውን ሰጥቷል። ሰውየው ቸኩሎ የተሰጠውን ከተቀበለ ግን ያነሣው የራሱን ሐሳብ አይደለም።

አውቶፎከስን ግን የሰነፍ መሣሪያ የሚሉትን አልደግፍም። በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ የሚያንዣብብ ጥንብ አንሣ፣ በባሌ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ቀይ ቀበሮ፣ ወደ ካሜራው በቀጥታ የሚመጣ ሯጭ በእያንዳንዷ ቅጽበት ርቀታቸው ይለዋወጣልና፣ እዚያ ላይ በእጅ ካላደረግሁ ብሎ መታበይ ሥዕሉን ማጣት ነው። ዓይኑ በዕድሜ ለደከመ ባለሙያም ይህ መሣሪያ ሙያውን አሥር ወይም ሃያ ዓመት አራዝሞለታልና ክብር ይገባዋል።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1960 ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በሌሊት፣ በባዶ እግሩ፣ በችቦ ብርሃን መካከል ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ሲያሸንፍ የተነሡት ፎቶግራፎች ሁሉ በእጅ በተስተካከለ ሌንስ የተነሡ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። የዚያ ዘመን የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሯጩን በሌንስ ከማሳደድ ይልቅ የሚያልፍበትን ስፍራ አስቀድመው በመምረጥ፣ ቀለበቱን በዚያ ላይ አቁመው እስኪደርስ መጠበቅ ልማዳቸው ነበረ። በቀን ብርሃን በመንገድ ላይ ለሚያነሣ ሰውማ ከዚህም የቀለለ ስልት አለ፤ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ አፐርቸሩ በኤፍ 8 ሆኖ ቀለበቱ በ5 ሜትር ላይ ቢቆም፣ ከ2.5 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በበቂ ሁኔታ ስለሚጠራ ማተኮር የሚባል ሥራ ይቀራል፤ ከዚህ የሚፈጥን ሞተርም የለም።

በፊልም ሥራ ዘንድ ደግሞ የእጅ ትኩረት ከቶ አልተሻረም። በትልልቅ ፊልሞች ላይ ከካሜራው ጎን ቆሞ ይህን ቀለበት ብቻ የሚያዞር ባለሙያ አለ፤ ርቀቱን አስቀድሞ በሜትር ለክቶ፣ ተዋናዮቹ የሚቆሙበትን ምልክት አጥንቶ፣ ትኩረቱን ከተናጋሪው ፊት ወደ አድማጩ ፊት የሚያሻግርባትን ቅጽበትና ፍጥነት ከትወናው ጋር ያስማማል። ያ መሻገር ራሱ የትረካው አካል ስለ ሆነ፣ አንድ ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ የትዕይንቱ ትርጉም ይለወጣል።

የሚያስገርመው፣ አሮጌዎቹን ሌንሶች ከመሳቢያ ያወጣቸው ከሁሉ አዲስ የሆነው ጥበብ ነው። ሚረርለስ የሚባሉት ካሜራዎች በውስጣቸው መስተዋት ስለሌላቸው ከሌንሱ አፍ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት እጅግ አጥሯል፤ በሶኒ ካሜራዎች 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ለዜኒት ካሜራዎች የተሠሩት የሶቪየት ኅብረት ሌንሶች ግን 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። በመካከል የተረፈውን ባዶ ቦታ በአዳፕተር መሙላት ስለሚቻል፣ ከጀርመኑ ዛይስ ባዮታር የተቀዳው ሄሊዮስ 44 ዛሬ በአዲስ ካሜራ ላይ ተገጥሞ ከሰው ጀርባ ያሉትን ቅጠሎች በክብ እያዞረ ያሳያል። ካሜራው የጠራውን ጠርዝ በቀለም እያሰመረ ወይም ምስሉን ብዙ እጥፍ አጉልቶ ስለሚያሳይም፣ በእጅ ማተኮር ከፊልሙ ዘመን ይልቅ አሁን ቀሏል።

ስለዚህ ሙያውን ለመማር ለሚነሣ ወጣት የምመክረው በእጅ የሚስተካከል አንድ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ እንዲጀምር ነው። የሚገዛው አሮጌ ሌንስ ከሆነ በእጅ ባትሪ ውስጡን አብርቶ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አለመኖሩን፣ የአፐርቸሩ ስስ ብረቶች ዘይት አለመንካታቸውን፣ ቀለበቱም ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራረጥ መዞሩን ይመርምር። ካሜራው እንዲህ ያለውን ሌንስ ስለማያውቀው አላነሣም ሊል ይችላልና፣ ያለ ሌንስ ማንሣትን የሚፈቅደውን ምርጫ ይክፈት፤ መንቀጥቀጥ መከላከያ ካለውም 50 የሚለውን ቁጥር በእጁ ያስገባ። ከዚያ በኋላ አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ፣ ቡና የምታፈላ እናቱን ወይም እኅቱን አንድ ሜትር ያህል ርቆ ሦስት ጊዜ ያንሣ፤ አንዱን በዓይኗ፣ አንዱን ጀበናውን በያዘው እጇ፣ አንዱንም በሲኒው ላይ አተኩሮ ያንሣና፣ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይመልከት።