ትንሹ የአፈር ግድብ፦ ደኅንነቱና ዓመታዊ ጥበቃው

የአፈር ግድብ ከአካባቢው የተቆፈረ አፈርና ድንጋይ በተመጠነ እርጥበት በስሱ እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ የሚሠራ፣ የወንዝ ወይም የጎርፍ ውሃ ለመስኖ፣ ለከብት መጠጥ፣ ለዓሣ ርባታ ወይም ለመዝናኛ የሚያቁር ግንባታ ነው። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን «ትልቅ» የሚለው ከፍታው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ከፍታ ኖሮት ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን ነው። ከዚህ በታች ያለው፣ አንድ ባለሀብት ለሎጅ ወይም ለመናፈሻ የሚያሠራው ጭምር፣ ከትንንሾቹ ይመደባል። ይሁን እንጂ ትልቁ ግድብ የራሱ መሐንዲስ፣ መለኪያና በጀት ሲኖረው ትንሹ ከተመረቀ በኋላ ብዙ ጊዜ በዘበኛ እጅ ብቻ ስለሚቀር፣ አደጋው የሚመነጨው ከመጠኑ ይልቅ የሚከታተለው ባለሙያ ከማጣቱ ነው።

በሰሜን ወሎ ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው መሬት ይህን አደጋ ያጎላዋል። መርሳ የምትገኝበት የሀብሩ ወረዳ ምዕራባዊ ወገን ተራራማ፣ ምሥራቃዊው ደግሞ ወደ ቆላ የሚዘረጋ ሜዳ በመሆኑ፣ በከፍታው ላይ የጣለ ዝናብ በአጭር ጊዜ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ አካባቢው በልግም ክረምትም የሚያገኝ ስለሆነ ግድቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል። ጎርፉ አፈር ተሸክሞ ስለሚመጣ ግድቡ በደለል ይሞላል፤ በደቡብ ወሎ የቦርከና ግድብ አገልግሎት ሳይጀምር በደለል መሞላቱ በዘርፉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ከዚህም ሌላ አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ላይ ያለ በመሆኑ ከርዕደ መሬት ነጻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል።

በዓለም ላይ የተመዘገቡ የትላልቅ የአፈር ግድቦች ውድቀቶች ሲመረመሩ፣ ግማሽ ያህሉ የደረሱት ውሃ በግድቡ አናት ላይ በመፍሰሱ፣ የቀሩት አብዛኞቹ ደግሞ በግድቡ ወይም በመሠረቱ ውስጥ ሰርጎ አፈሩን በማጠቡ ነው። የመጀመሪያውን የሚከላከለው ማስተንፈሻው ነው፤ ማስተንፈሻ ማለት ከግድቡ ጎን በድንጋይ ወይም በኮንክሪት የተሠራ፣ ትርፉን ውሃ ግድቡን ሳይነካ ወደ ወንዙ የሚመልስ ቦይ ነው። በከፍተኛው የጎርፍ ደረጃና በግድቡ አናት መካከል የሚተወው ባዶ ከፍታም የማዕበልንና የድንገተኛ ጎርፍን ጫና የሚቀበል የጥንቃቄ ህዳግ ነው።

ይህ ህዳግ ሲደፈር ምን እንደሚከተል በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ በሳውዝ ፎርክ ግድብ ታይቷል። 22 ሜትር ገደማ ከፍታ የነበረው ይህ የአፈር ግድብ የአንድ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ የግል መዝናኛ ሲሆን፣ የሥር ማስወጫ ቧንቧዎቹ ቀደም ብለው ተነቅለው አልተተኩም፤ አናቱ ለጋሪ መተላለፊያ ሲባል ዝቅ ተደርጓል፤ ዓሦቹ እንዳያመልጡም በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ተተክሏል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱ በግንድና በቅርንጫፍ ተደፍኖ ውሃው በአናቱ ፈሰሰ፤ ግድቡም ተደርምሶ በታችኛው ሸለቆ ባለችው በጆንስታውን ከተማና በአካባቢዋ ከ2,200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ሁለተኛው አደጋ ከላይ ስለማይታይ ይበልጥ ያዘናጋል። በማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ይሰርጋል፤ ሰርጎ የሚወጣው ጥርት ያለና መጠኑ የማይለዋወጥ ከሆነ ብዙም አያሰጋም፤ ከደፈረሰ ግን አፈር ይዞ እየወጣ በመሆኑ አስቸኳይ ባለሙያ ያሻዋል። ለስርገቱ መንገድ የሚከፍቱት ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የዋልካ አፈር፣ በቧንቧ ዙሪያ በደንብ ያልተጠቀጠቀ አፈር፣ የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድ፣ እንዲሁም ከተቆረጠ በኋላ የሚበሰብስ የዛፍ ሥር ናቸው። ስለዚህ በግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ለጥላም ሆነ ለውበት የማይፈቀድ ሲሆን፣ ተዳፋቱን ከዝናብ ጠብታ የሚከላከለው በየጊዜው የሚታጨድ አጭር ሣር ነው፤ ከብት ግን ሊሰማራበት አይገባም።

የጥበቃው ጊዜ በዝናቡ ወቅት ይወሰናል። በጥር ከበልግ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ ከክረምት በፊት ማስተንፈሻው ከቁጥቋጦና ከደለል ይጸዳል፤ በውሃው በኩል ያለው የድንጋይ ንጣፍ የተናደበት ይጠገናል፤ የሥር ማስወጫው ቧንቧ ቫልቭ መሥራቱ እንዲረጋገጥ ተከፍቶ ይዘጋል። ውሃው ለጽዳት ሲለቀቅ ቀስ በቀስ ካልሆነ፣ ገና በውሃ የተሞላው የውስጥ አፈር ድጋፉን አጥቶ ወደ ተጠራቀመው ውሃ ሊንሸራተት ይችላል። ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ አናቱ፣ ሁለቱ ጎኖችና ግርጌው በእግር እየተዞሩ ስንጥቅ፣ መስጠምና አዲስ እርጥበት ይፈለግባቸዋል፤ የታየውም ከነቀኑ በመዝገብ ይሰፍራል፤ መዝገብ ከሌለ የአምናው ስንጥቅ ከዘንድሮው አይለይምና። የደለሉ መድኃኒት ግን ከግድቡ በላይ ነው፤ በተፋሰሱ እርከን ካልተሠራና ቦረቦሩ በክትር ካልተያዘ የሚጠረገው ደለል በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል።

በኢትዮጵያ ሕግ ውሃ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት በመሆኑ፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ ለመገንባት ፈቃድን ይጠይቃል፤ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን የመሰሉ አነስተኛ አጠቃቀሞችን ግን ነጻ ያደርጋል። ለመዝናኛ የሚሠራ ግድብ ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። በኬንያ ሶላይ በ2018 እ.ኤ.አ. የአንድ ሰፊ የግል እርሻ ግድብ ተደርምሶ ከ40 በላይ የመንደር ነዋሪዎችን መግደሉም ጥቅሙ የባለቤቱ ሆኖ ጉዳቱ የታችኛው ነዋሪ የሚሆንበትን አሠራር ያሳያል። ስለሆነም በሀብሩም ሆነ በሌላ ስፍራ ግድብ ለማሠራት ያሰበ ባለቤት ከግንባታው ወጪ ጋር የዓመታዊ ጥገናውን ገንዘብ፣ ተጠሪ የሚሆነውን ባለሙያና ከግርጌው ያሉ ቤቶች በሌሊት የሚነቁበትን የማስጠንቀቂያ መንገድ አብሮ ሊወስን ይገባል፤ እነዚህን መሸፈን ካልቻለ ግድቡን ባይጀምረው ይሻላል።