ለረመዳን የሚዞር ሰዓትና ኮምፒውተር



እኛ አገር ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም አይዞርም። ሞሮኮ ግን ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከግሪንዊች በአንድ ሰዓት ቀድማ ትቆይና ረመዳን ሲቃረብ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትመልሳለች፤ ከዒድ በኋላ እንደገና ወደፊት ትገፋለች። ስለዚህ በረመዳን የመግሪብ ሰዓት በቁጥር አንድ ሰዓት ቀደም ይላል። ፀሐይዋ ግን የምትጠልቀው በራሷ ጊዜ ነው፤ የተነካው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው።

ኮምፒውተርም እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ነው የሚሠራው። አብዛኞቹ ሲስተሞች በውስጣቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ይቆጥራሉ፤ ይህ ቆጠራ አይዞርም። ስክሪኑ ላይ የምናየው ሰዓት ቆጠራው ላይ የአገሩ ሕግ ተጨምሮበት የሚገኝ ነው። ሕጎቹ ቲዜድ ዳታቤዝ በሚባል ሰንጠረዥ ተጽፈዋል፤ አንድሮይድም ሊኑክስም ይጠቀሙበታል። (አዲስ አበባ እዚያ ውስጥ የናይሮቢን ሕግ ትከተላለች፤ የሁለታችንም 3 ሰዓት ደምር ነው።)

የሞሮኮ ሕግ በጨረቃ ስለሚሄድ ሰንጠረዡ እስከ 2087 ድረስ በስሌት የተገመቱ ቀኖችን ይዟል። መንግሥት ሌላ ቀን ካወጀ ይታረማል።

አስቸጋሪው የአዋጅ መዘግየት ነው። በ2023 ሊባኖስ ማርች 26 ሰዓቷን ወደፊት ልትገፋ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ነጂብ ሚቃቲ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በረመዳን መግቢያ፣ ለውጡ ወደ ኤፕሪል መጨረሻ ግድም እንዲተላለፍ አወጁ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያን አልቀበልም አለች፤ በአንድ ከተማ ሁለት ሰዓት ሆነ። የሰንጠረዡ አዘጋጆች የዚያኑ ዕለት አዲስ እትም አወጡ። ማርች 27 ካቢኔው ውሳኔውን ሻረ፤ በማግስቱ ሰንጠረዡም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ዝማኔው ያልደረሰው ስልክ ግን አዋጁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ ደግሞ አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ካዛብላንካ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:30 ሁለት ጊዜ ያልፋል። ፕሮግራማችን "8:30" ብቻ ብሎ ከመዘገበ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ያለፈ ነገር በሰከንድ ቆጠራው ይመዝገብ።

የወደፊቱ ግን ሌላ ነው፤ አፕ የምንሠራ ተማሪዎች ይህን ልብ እንበል። የሶላት ወቅት ከፀሐይ ስለሚሰላ ሰው ሕግ ቢቀይርም ቅጽበቱ አይቀየርም፤ የሚቀየረው የሚታየው ቁጥር ነው። ሰው የቀጠረው ትምህርት ወይም የዳዕዋ ፕሮግራም ግን የአገሩን ሰዓትና የቦታውን ስም ይዞ መቀመጥ አለበት። "አንድ ሰዓት ደምር" ብለን ካሰርነው የካዛብላንካው ማስታወሻ በረመዳን አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጮኻል።